የድሮ ቴሌቪዥንን የኮምፒውተር ሞኒተር ማድረግ፦ ከገመድ ግዢ እስከ ፊደል ማጥራት

የላፕቶፕ ስክሪን ተሰብሮ ማሠሪያው አልቀመስ ሲል፣ ወይም ሲፒዩ ተገዝቶ ለሞኒተር የሚሆን ብር ሲያጥር፣ ዐይን የሚያርፈው ሳሎን ባለው ቴሌቪዥን ላይ ነው። ሐሳቡ ልክ ነው፤ ይሠራል። ነገር ግን ደብረ ማርቆስም ሆነ ቢቸና፣ ዳንግላም ሆነ ፍኖተ ሰላም ብዙ ሰው የሚሰናከለው አንድ ቦታ ላይ ነው፤ መጀመሪያ ገመድ ይገዛል፣ ከዚያ ቴሌቪዥኑን ያገላብጣል። ዕቃ ለመግዛት ባሕር ዳር ድረስ ለሚሄድ ሰው የተሳሳተ ገመድ ማለት የመሳፈሪያውም ብር አብሮ ጠፋ ማለት ነው። ስለዚህ ደረጃ አትዝለሉ። ገመድ የሚገዛው ደረጃ 4 ላይ ነው።

መጀመሪያ ይህን ወስኑ፦ ለምን ሥራ?

ቀጭኑ ፍላት ቴሌቪዥን፣ የቆየም ቢሆን፣ ለጽሑፍ ሥራ ይሆናል። ጀርባው የወጣው ወፍራሙ ባለ ትልቅ መስተዋት ቴሌቪዥን ግን ለፊልም፣ ለትምህርት ቪዲዮና ለፎቶ ማያ እንጂ ለጽሑፍ አይሆንም። ምክንያቱ ቀላል ነው። ይህ ቴሌቪዥን ፓል በሚባለው የድሮ የቴሌቪዥን ምስል ሥርዓት የሚሠራ ሲሆን ካሉት 625 መስመሮች ምስል የሚይዙት 576 ብቻ ናቸው፤ እነሱም በአንድ ጊዜ ሳይሆን እየተፈራረቁ ነው የሚሣሉት።

ለአማርኛ ይህ ከላቲን ፊደል የባሰ ችግር ነው። «ቡ» እና «ቢ» የሚለዩት ከጎን በወጣች አንዲት ትንሽ ጭረት ከፍታ ነው። በወፍራሙ ቴሌቪዥን ላይ በ12 መጠን የተጻፈ ፊደል ያችን ጭረት ይውጣታል፤ «፤» እና «።»ም አንድ ይሆናሉ። የመመረቂያ ጽሑፍ ወይም የቢሮ ደብዳቤ የምትጽፉ ከሆነ በዚህ አትድከሙ፤ ያገለገለ ሞኒተር ወይም ያገለገለ ፍላት ፈልጉ።

ደረጃ 1፦ ቴሌቪዥኑን አጽዱና ብቻውን ፈትኑ

1. ሶኬቱን ንቀሉ። ጓዳ ተቀምጦ የቆየ ከሆነ በደረቅ ጨርቅና ለስላሳ ብሩሽ የጀርባውን መተንፈሻ ከአቧራ አጽዱ።
2. ከላዩ የተነጠፈውን ዳንቴል አንሡ። የወፍራሙ ቴሌቪዥን ሙቀት የሚወጣው በላይና በጀርባ ነው። ኮምፒውተር ላይ ሲሠራ ደግሞ ለሰዓታት ስለማይጠፋ በጣም ይሞቃል። ቡፌ ውስጥ የተሰገሰገ ከሆነም ከግድግዳው ቢያንስ አንድ ጋት አርቁት።
3. ከቀዝቃዛ ክፍል ወደ ሞቃት ክፍል ካመጣችሁት ወዲያው አታብሩት። ውስጡ የጤዘው እርጥበት እስኪደርቅ ጥቂት ሰዓት ይቆይ።
4. አብሩትና በዲሽ ወይም በሌላ ነገር ምስልና ድምፅ መኖሩን አረጋግጡ። በራሱ የማይሠራ ቴሌቪዥን ላይ ኮምፒውተር አታገናኙ፤ ኋላ ጥፋቱ የማን እንደሆነ መለየት ያቅታል።

ማስጠንቀቂያ፦ የወፍራሙን ቴሌቪዥን የጀርባ ክዳን በፍጹም አትክፈቱ። በውስጡ ከ20,000 ቮልት በላይ ይሠራል፤ ሶኬቱ ተነቅሎም የተጠራቀመው ኤሌክትሪክ ሊቆይ ይችላል። ለዚህ ሥራ ክዳን የሚከፈትበት አንድም ምክንያት የለም። ሲያነሡትም ለሁለት ይያዝ፤ ክብደቱ በሙሉ ከፊት በመስተዋቱ በኩል ነው።

ደረጃ 2፦ የቴሌቪዥኑን መግቢያዎች ለዩ

በስልክ መብራት ጀርባውንና ጎኑን አዩ፤ ፎቶ አንሡ። ፎቶው ሱቅ ስትሄዱ ይጠቅማችኋል። የምታገኙት ከእነዚህ አንዱን ነው፦

- ኤችዲኤምአይ፦ ጠፍጣፋ፣ ሁለቱ የታች ማዕዘኖቹ የተቆረጡ። ካለ ሥራው ግማሹ አለቀ።
- ቪጂኤ፦ በሦስት ረድፍ 15 ቀዳዳ፣ ግራና ቀኝ ብሎን ማሰሪያ ያለው፣ ብዙ ጊዜ ሰማያዊ። ቴሌቪዥን ላይ «ፒሲ» ተብሎ ይጻፋል። ከሌሎች ለይታችሁ ያዙት፤ ለኮምፒውተር ተብሎ የተሠራ መግቢያ ነው።
- ኤቪ፦ ሦስት ክብ ቀዳዳዎች። ቢጫው ምስል፣ ነጩ የግራ ድምፅ፣ ቀዩ የቀኝ ድምፅ።
- ስካርት፦ ሰፊ፣ ሁለት ረድፍ ስንጥቅ ያለው። ኤቪ ገመድ በመሸጋገሪያ ይገባበታል። መሸጋገሪያው ላይ መግቢያ/መውጫ የሚል ማብሪያ ካለ መግቢያ ላይ አድርጉት።
- የአንቴና ቀዳዳ ብቻ፦ የኤቪ መግቢያ ያለው የድሮ የቪዲዮ ካሴት ማጫወቻ ቤት ካለ በእሱ በኩል ማሳለፍ ይቻላል። የምስሉ ጥራት ግን በጣም ዝቅ ይላል። እኔ ለዚህ ብር አውጡ አልልም።

ሁለት ነገር አስተውሉ። አንደኛ፣ ብዙ ቴሌቪዥን የኤቪ መግቢያም የኤቪ መውጫም ጎን ለጎን አለው። ገመዱ መውጫው ላይ ከተሰካ እስከ ማታ ብትነካኩት ምስል አይመጣም። «ኢን» የሚለውን ያዙ። ሁለተኛ፣ አረንጓዴ፣ ሰማያዊና ቀይ የሆኑ ሦስት ቀዳዳዎች ካያችሁ ሦስቱም የምስል ናቸው፤ እዚያ ያለው ቀይ የድምፁ ቀይ አይደለም።

ደረጃ 3፦ የኮምፒውተሩን መውጫ ለዩ

ላፕቶፕ ላይ ጎኑን፣ ሲፒዩ ላይ ጀርባውን አዩ። ኤችዲኤምአይና ቪጂኤ መልካቸው ከላይ እንደተባለው ነው። ሲፒዩ ላይ ነጭና ሰፋ ያለ፣ ብዙ ቀዳዳ ያለው ካገኛችሁ ዲቪአይ ነው። ኤችዲኤምአይ የሚመስል ግን አንድ ማዕዘኑ ብቻ የተቆረጠው ዲስፕሌይ ፖርት ነው።

ሲፒዩው ለብቻው የተጨመረ የግራፊክስ ካርድ ካለው፣ ከታች በአግድም የሚታዩት ቀዳዳዎች የካርዱ ናቸው። የምትሰኩት እዚያ ነው። ከላይ ከማውስና ከኪቦርድ ጎን ያለው የምስል ቀዳዳ ካርድ ሲገባ ብዙ ጊዜ ሥራ ያቆማል። «ኖ ሲግናል» እያለ ሰው የሚያታክተው አንዱ ይህ ነው።

ደረጃ 4፦ አሁን ግዙ

ገመድና መቀየሪያ አንድ አይደሉም። ገመድ የመጣውን እንዳለ ያደርሳል፤ መቀየሪያ ግን ውስጡ ኤሌክትሮኒክስ ያለው ትንሽ ሳጥን ነው፣ የምስሉን ዓይነት ይለውጣል፣ አቅጣጫም አለው። ከ«ሀ» ወደ «ለ» የሚቀይረው ከ«ለ» ወደ «ሀ» አይመልስም። ሱቅ ስትገቡ «የቪጂኤና የኤችዲኤምአይ ገመድ አለ?» ብላችሁ አትጠይቁ። እንዲህ በሉ፦ «ወንድሜ፣ ከኮምፒውተር ቪጂኤ ወጥቶ ቴሌቪዥን ኤችዲኤምአይ የሚገባ መቀየሪያ ስጠኝ።» ከየት ወጥቶ የት እንደሚገባ ሳትናገሩ አትክፈሉ።

ጥምረቱ ይህን ይመስላል፦

1. ኤችዲኤምአይ ወደ ኤችዲኤምአይ፦ ተራ ገመድ። ድምፅም ያልፋል። ከ5 ሜትር ባይበልጥ ይመረጣል።
2. ቪጂኤ ወደ ቪጂኤ፦ ተራ ገመድ፣ ለድምፅ ደግሞ ጃክ ያለው ሌላ ገመድ። ቀጭንና ረጅም የቪጂኤ ገመድ ፊደሉን ጥላ ያስይዘዋል፤ ወፍራሙንና አጭሩን ምረጡ።
3. ዲቪአይ ወደ ኤችዲኤምአይ፦ ዲጂታል ስለሆኑ ተራ ገመድ ይበቃል። ድምፅ ግን ብዙ ጊዜ አይመጣም።
4. ዲስፕሌይ ፖርት ወደ ኤችዲኤምአይ፦ በአንድ አቅጣጫ ብቻ የሚሠራ ገመድ ነው፤ ዲስፕሌይ ፖርቱ በኮምፒውተሩ በኩል መሆን አለበት።
5. ቪጂኤ ወደ ኤችዲኤምአይ፦ መቀየሪያ። የዩኤስቢ ኃይልና የድምፅ መግቢያ ያለውን ግዙ፤ ኃይል የማይቀበለው አያስተማምንም።
6. ኤችዲኤምአይ ወደ ቪጂኤ፦ የተለየ መቀየሪያ ነው፤ ከቁጥር 5 ጋር አታምታቱት።
7. ኤችዲኤምአይ ወደ ኤቪ፦ ለወፍራሙ ቴሌቪዥን የሚሆን ሳጥን። ጎኑ ላይ «ፓል» እና «ኤንቲኤስሲ» የሚል ማብሪያ ያለውን ምረጡ።

አንድ ገመድ አለ፣ በርካሽ ይሸጣል፣ አትግዙት፦ አንድ ጫፉ ቪጂኤ፣ ሌላው ጫፉ ሦስቱ የኤቪ ራሶች፣ መሐሉ ላይ ምንም ሳጥን የሌለው። ኮምፒውተር በቪጂኤ ሲልክ በሰከንድ ቢያንስ ወደ 31,500 መስመር ይልካል፤ ወፍራሙ ቴሌቪዥን የሚቀበለው 15,625 ነው። ሽቦ ይህን ልዩነት አያስታርቅም። አንድ ጫፉ ኤችዲኤምአይ የሆነው የዚሁ ዓይነት ሳጥን የለሽ ገመድም እንዲሁ ነው።

ከቻላችሁ ላፕቶፑን ይዛችሁ ሂዱና ሱቁ ውስጥ ባለ ስክሪን ላይ አስፈትኑ። ካልተቻለም ካልሠራ እንደሚመልሱላችሁ አስቀድማችሁ ተስማሙ።

ደረጃ 5፦ ሁሉንም አጥፍታችሁ አገናኙ

1. የቴሌቪዥኑንም የኮምፒውተሩንም ሶኬት ንቀሉ።
2. የዲሹን ወይም የአንቴናውን ገመድ ከቴሌቪዥኑ ላይ ንቀሉ። ኤርዝ የሌለው ቤት ውስጥ ጣሪያ ላይ ካለ ብረት የሚመጣ ገመድ ከኮምፒውተሩ ጋር ሲገናኝ ብልጭታ ይፈጥርና የኤችዲኤምአይ ቀዳዳውን ሊያቃጥል ይችላል።
3. የምስሉን ገመድ ስኩ። ቪጂኤ ከሆነ ብሎኑን በእጅ አጥብቁ። አትግፉት፤ ካልገባ ገልብጡት። ከ15ቱ እሾህ አንዱ፣ ከመሐለኛው ረድፍ፣ ገመዱ ሲሠራ ጀምሮ ከሌለ ችግር አይደለም፤ ብዙ ገመድ ላይ ዘጠነኛው እሾህ አይኖርም።
4. የመቀየሪያውን ዩኤስቢ ከኮምፒውተሩ ወይም ከስልክ ቻርጀር ኃይል ስጡት።
5. ሁለቱንም በአንድ ዲቫይደር ላይ ስኩ። ስታብላይዘር ካላችሁ ዲቫይደሩ በእሱ ይግባ።

ብረቱን ስትነኩ የሚነዝራችሁ ከሆነ እንደ ቀላል አትዩት። ሁሉንም ንቀሉና ኤርዝ ያለው ሶኬት ፈልጉ፤ የቤቱንም መስመር ኤሌክትሪሺያን ይየው።

ደረጃ 6፦ በቅደም ተከተል አብሩ

1. መጀመሪያ ቴሌቪዥኑን አብሩ።
2. በሪሞቱ «ሶርስ» ወይም «ኢንፑት» የሚለውን ተጫኑና የሰካችሁበትን ስም ምረጡ። ወፍራሙ ላይ «ኤቪ» የሚል ቁልፍ ይኖራል፤ ከሌለ ወደ 0 ቻናል ወይም ከ1 በታች ሂዱ።
3. ከዚያ ኮምፒውተሩን አብሩ። ኮምፒውተሩ ሲነሣ የተሰካበት ስክሪን ምን መጠን እንደሚቀበል ይጠይቃል፤ ቴሌቪዥኑ ጠፍቶ ከነበረ መልስ ላያገኝ ይችላል።
4. ላፕቶፕ ከሆነ የዊንዶውስን ቁልፍ ይዛችሁ «ፒ»ን ተጫኑ። ከሚመጡት አራት ምርጫዎች ለመጀመሪያ ጊዜ ሁለተኛውን፣ ማለትም ሁለቱም ላይ አንድ ዓይነት የሚያሳየውን ምረጡ።

*የላፕቶፑ ስክሪን ጭራሽ የማያሳይ ከሆነ*

አብሩትና ተነሥቶ እስኪረጋጋ አንድ ሁለት ደቂቃ ጠብቁ። የይለፍ ቃል ካለው አንዴ «ኢንተር» ተጫኑ፣ ቃሉን ጻፉ፣ እንደገና «ኢንተር»። ከዚያ ዊንዶውስና «ፒ»፣ ትንሽ ቆይታችሁ የታች ቀስት አንዴ፣ «ኢንተር»። አምስት ሰከንድ ጠብቁ። ካልመጣ ያንኑ ድገሙ። አሁንም ካልሆነ ዊንዶውስ፣ «ኮንትሮል»፣ «ሺፍት» እና «ቢ»ን አንድ ላይ ተጫኑ፤ ዊንዶውስ 10 እና 11 ላይ ይህ የምስሉን ክፍል እንደገና ያስነሣዋል። ምስሉ ቴሌቪዥኑ ላይ ከመጣ በኋላ የላፕቶፑን ክዳን ስትዘጉ እንዳይተኛ የኃይል ማስተካከያው ውስጥ «ክዳን ሲዘጋ ምንም አታድርግ» የሚለውን ምረጡ።

ደረጃ 7፦ መጠኑን አስተካክሉ

ዴስክቶፑ ላይ ቀኝ ክሊክ፣ ከዚያ «ዲስፕሌይ ሴቲንግስ»፣ ከዚያ ሪዞሉሽን።

ባለ 32 ኢንች የቆየ ፍላት አብዛኛው 1366 በ768 ነው። በቪጂኤ ከሆነ 1360 በ768 ምረጡ፤ 1366 ለ8 ስለማይካፈል ብዙ ኮምፒውተር አይሰጠውም። በኤችዲኤምአይ 1280 በ720 ወይም 1920 በ1080 ብቻ ከመጣ ሁለቱንም ሞክሩና ፊደሉ የጠራበትን ያዙ። ወፍራሙ ላይ በ800 በ600 ጀምሩ፤ ሳጥኑ እምቢ ካለ 1280 በ720። የማደሻውን ፍጥነት («ሪፍሬሽ ሬት») 60 ላይ አድርጉ።

የመረጣችሁት መጠን ስክሪኑን ካጨለመው ምንም አትንኩ። ዊንዶውስ 15 ሰከንድ ጠብቆ ራሱ ወደነበረበት ይመልሰዋል። ሰው እዚህ ጋ ደንግጦ ኮምፒውተሩን ከሶኬት ይነቅላል።

ደረጃ 8፦ ዳሩ ሲቆረጥ

የታችኛው ባር ግማሹ ከጠፋ፣ ቴሌቪዥኑ ምስሉን አጉልቶ ዳሩን እየቆረጠ ነው። መጀመሪያ ቴሌቪዥኑ ላይ አስተካክሉ፤ ኮምፒውተሩ ላይ ማሳነስ ፊደሉን ያደበዝዛል። በሪሞቱ የምስል ስፋት ውስጥ ግቡ። ሳምሰንግ ላይ «ስክሪን ፊት»፣ ኤልጂ ላይ «ጀስት ስካን»፣ ሌሎች ላይ «ፉል ፒክስል» ወይም «ዶት ባይ ዶት» የሚለውን ፈልጉ። ሳምሰንግ ላይ የመግቢያውን ስም ወደ «ፒሲ» መቀየርም ይረዳል።

በቪጂኤ ምስሉ ወደ ጎን ካዘነበለ፣ ኮምፒውተሩ ላይ ባዶ ነጭ ገጽ ስክሪኑን ሞልቶ ክፈቱና ከቴሌቪዥኑ ሜኑ «ኦቶ አጀስት»ን ተጫኑ። ዳሩን የሚለየው በብርሃኑ ስለሆነ ጥቁር ዳራ ላይ ይስታል።

ቴሌቪዥኑ ምርጫ ከሌለው ብቻ ወደ ኮምፒውተሩ የግራፊክስ ማስተካከያ ግቡና ምስሉን አሳንሱ።

ደረጃ 9፦ ፊደሉን አጥሩ

ይህን ደረጃ ብዙ ሰው ይዘለዋል፣ ከዚያ «ዐይን ያማል» ብሎ ይተወዋል። ቴሌቪዥን ከፋብሪካ ሲወጣ ለፊልም ነው የተዘጋጀው፤ ፊደል ላይ ያልተጠየቀ ነገር ይጨምራል። ስለዚህ፦

1. የምስል ሁኔታውን «ፒሲ» አድርጉ፤ ከሌለ «ጌም»። ማውሱ ከእጃችሁ ኋላ እየቀረ ከሆነም መድኃኒቱ ይኸው ነው።
2. «ሻርፕነስ»ን ቀስ በቀስ ወደ 0 አውርዱ። በፊደሉ ዙሪያ ያለው ነጭ ጥላ ሲጠፋ አቁሙ። «ቡ» እና «ቢ»ን ጎን ለጎን ጽፋችሁ እያያችሁ ብታስተካክሉ ፈጥኖ ይገባችኋል።
3. የ«ኖይዝ» መቀነሻንና ራሱን የሚቀያይር ኮንትራስትን አጥፉ።
4. ብርሃኑን ቀንሱ። ከሦስት ሜትር ታይቶ የሚመች ብርሃን ከአንድ ሜትር ያቃጥላል።
5. ዊንዶውስ ላይ «ክሊር ታይፕ» ብላችሁ ፈልጉና የጠራውን እየመረጣችሁ ጨርሱ።
6. ኒያላ የሚባለው የዊንዶውስ የአማርኛ ፎንት ፊደሉ ቀጭን ስለሆነ ስትሠሩ ገጹን ወደ 130 ወይም 150 ከመቶ አጉሉት። ሰነዱ ራሱ አይለወጥም።

በ32 ኢንች ላይ ከአንድ እስከ አንድ ሜትር ተኩል ርቃችሁ ተቀመጡ። ኪቦርዱና ማውሱ ባለ ገመድ ከሆኑ የዩኤስቢ ማራዘሚያ ያስፈልጋችኋል።

ደረጃ 10፦ ድምፅ

በኤችዲኤምአይ ከሆነ ከታች ቀኝ ያለውን የድምፅ ምልክት ተጫኑና የቴሌቪዥኑን ስም ምረጡ። በቪጂኤ ከሆነ ከላፕቶፑ የጆሮ ማዳመጫ ቀዳዳ ወደ ቴሌቪዥኑ «ፒሲ ኦዲዮ» ጃክ አገናኙ።

ሲበላሽ

*«ኖ ሲግናል» ካለ፦* በዚህ ቅደም ተከተል አንድ በአንድ ሞክሩ። ምንጩ ልክ ነው? ገመዱ መግቢያው ላይ ነው? የመቀየሪያው መብራት በርቷል? ሌላ የኤችዲኤምአይ ቀዳዳ ብትሞክሩስ? ሌላ ኮምፒውተር ወይም የዲሽ ሪሲቨር በዚያው ገመድ ብትሰኩስ? ሁለት ነገር በአንድ ጊዜ አትቀይሩ።

*«ሞድ ኖት ሰፖርትድ» ወይም «አውት ኦቭ ሬንጅ» ካለ፦* ገመዱ ደኅና ነው። የተላከው መጠን በዝቷል። ሌላ ስክሪን ላይ ሰክታችሁ 1024 በ768፣ በ60 አድርጉና መልሱት።

*ወፍራሙ ላይ ምስሉ ጥቁርና ነጭ ከሆነ ወይም ወደ ላይ ከተንከባለለ፦* የሳጥኑን ማብሪያ ወደ «ፓል» አዙሩ። ፓል ላይ ሆኖም ቀለም ከሌለው ቢጫው ራስ አረንጓዴው ቀዳዳ ውስጥ ገብቶ እንደሆነ አዩ።

*በቪጂኤ ሁሉም ነገር አንድ ቀለም ከያዘ፦* አንድ እሾህ አልነካም። ነጩ ቢጫ ከሆነ ሰማያዊው፣ ሐምራዊ ከሆነ አረንጓዴው፣ ውሃ ሰማያዊ ከሆነ ቀዩ መስመር ተቋርጧል። ነቅላችሁ የታጠፈ እሾህ ካለ በቀጭን ነገር በቀስታ አቅኑት።

*እየጠፋ እየመጣ ካስቸገረ፦* ገመዱን ያዝ አድርጋችሁ አዩ። በመነካቱ የሚጠፋ ከሆነ ገመዱ ወይም ቀዳዳው ላልቷል። መጀመሪያ ገመዱን ቀይሩ፤ ቀዳዳው ከላላ ግን ወደ ጠጋኝ ይሂድ።

መብራት ሲሄድና ሲነጎድ

መብራት ሲሄድ ዲቫይደሩን ንቀሉ። ሲመለስ ወዲያው አትሰኩ፤ ኃይሉ ከፍ ዝቅ ማለቱን እስኪተው አምስት ደቂቃ ይቆይ። ከሰኔ እስከ መስከረም ደግሞ ነጎድጓድ ስትሰሙ የሶኬቱ ብቻ አይበቃም፤ የዲሹም ገመድ ከቴሌቪዥኑም ከሪሲቨሩም ይነቀል። መብረቅ በዲሽ ገመድ ገብቶ፣ በቴሌቪዥኑ አልፎ፣ በኤችዲኤምአይ ኮምፒውተሩን ሊያገኘው ይችላል። ነጎድጓዱ ቅርብ ከሆነ ገመድ ለመንቀል እጃችሁን አትስደዱ፤ ይህ የሚሠራው ከሩቅ ሲሰማ ነው።

ቴሌቪዥኑ የቤተሰብ ከሆነ

ኤችዲኤምአዩ አንድ ብቻ ሆኖ ዲሹ ከያዘው ሪሲቨሩን በኤቪ ገመድ ወደ ቢጫ፣ ነጭና ቀይ አዛውሩትና ኤችዲኤምአዩን ለኮምፒውተሩ ተዉለት። ለዜና ኤቪ ይበቃል፤ ለፊደል ግን አይበቃም። ደረጃ 5 ላይ የነቀላችሁትን የዲሽ ገመድ መልሳችሁ የምትሰኩት ሁሉም ነገር ጠፍቶ ነው። ከዚያ የትኛው ምንጭ ዲሽ፣ የትኛው ኮምፒውተር እንደሆነ በትልቁ ጽፋችሁ ሪሞቱ ጀርባ ላይ ለጥፉ፤ እማማም ጋሼም «ቴሌቪዥኑን አበላሻችሁት» ሳይሉ ራሳቸው ይመልሱታል። ምንጩ ሲቀየር ኮምፒውተሩ ላይ የተከፈተው ሥራ አይጠፋም፤ ያም ሆኖ ሪሞቱን ከማስረከባችሁ በፊት «ኮንትሮል» እና «ኤስ» ተጫኑ።